«ካርታውን ከሰጠናቸው ምን ይቀረናል?» ከጎንደር ለመጣ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «ጋሼ፣ ጎንደር ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የምሠራ ጀማሪ ጂኦሎጂስት ነኝ። ቢሯችን ሁለት ቁም ሣጥን ሙሉ የድሮ ሪፖርት፣ ካርታና የላቦራቶሪ ውጤት አለ። በቅርቡ የአፍሪካን የጂኦሎጂ መረጃ በአንድ ቋት ለማሰባሰብ የሚሠሩ ሰዎች መጥተው ‹ስካን አድርገን እንውሰድ› አሉን። ግማሹ ባልደረባዬ ‹ሀብታችንን ለፈረንጅ ልንሰጥ ነው› ይላል። ሌላው ‹አይጥ ከሚበላው ይውሰዱት› ይላል። እኔ መሐል ላይ ቆሜያለሁ። ይሰጥ ወይስ አይሰጥ? ደግሞስ ለእኛ አገር ገበሬና ወጣት ምን ይፈይዳል?»

እህቴ፣ አጭሩ መልስ «ይሰጥ» ነው። ግን በአንድ ከሰዓት በፍላሽ ተገልብጦ አይደለም። ረጅሙን ላስረዳሽ፤ ቡናሽን ይዘሽ ተቀመጪ።

መጀመሪያ «ሀብታችንን ልንሰጥ ነው» የሚለውን እንይ። ስጋቱን አልንቀውም። ሁለት ነገር ግን ተምታቶበታል፤ ድንጋዩና ስለ ድንጋዩ የተጻፈው። ድንጋዩ የማን እንደሆነ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ ተናግሯል፤ መሬትም የተፈጥሮ ሀብትም የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ማዕድን ማውጣት የሚፈልግ ሰው በማዕድን ሥራዎች አዋጅ (ቁጥር 678/2002) መሠረት ፈቃድ ያወጣል። ካርታ ስላየ ብቻ አንዲት አካፋ አፈር አያነሳም። ካርታ ያየ ሁሉ የማዕድን ባለቤት ቢሆን ኖሮ እኔ ይኼኔ የት በደረስኩ!

ይልቅ ይኼን አስቢው። እነዚያ ሁለት ቁም ሣጥኖች ተቆልፈው ሲቀመጡ መረጃው የሚደበቀው ከማን ነው? ገንዘብ ያለው ኩባንያ የሳተላይት ምስል ይገዛል፤ መለኪያ የጫነ አውሮፕላን ያስበርራል። ሲቸግረው የቢሮ ሰው ሻይ ጋብዞ የፈለገውን ገጽ በስልኩ ያነሳል። ደላላውም በሩን ያውቀዋል። የማያገኘው እርሻው ሥር ምን እንዳለ ያልነገሩት የጭልጋ ገበሬ ነው። የመመረቂያ ጽሑፏን የምትሠራው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። ከኩባንያ ጋር ለድርድር ባዶ እጁን የሚቀመጠው የወረዳ ሹም ነው። ቁልፉ የሚሠራው በባለቤቶቹ ላይ ነው።

ይህን ስል የባልደረባሽ ጥርጣሬ ከሜዳ የመጣ ነው ማለቴ አይደለም። የአፍሪካ የጂኦሎጂ መረጃ ለረጅም ጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ሲፈስ ነው የኖረው። ከኮንጎ የቅኝ ግዛት ዘመን የማዕድን ማኅደር ብዙው እስከ ዛሬ ያለው ብራሰልስ አጠገብ፣ ቴርቩረን በሚገኘው የአፍሪካ ሙዚየም ነው። ዋናውን ወረቀት በዓይኑ ማየት የፈለገ የኮንጎ ጂኦሎጂስት ባሕር መሻገር አለበት። ስለዚህ ልትጨቃጨቁበት የሚገባው ዋናው የት ይቀመጣል፣ ቅጂው ለማን ይመለሳል በሚለው ላይ ነው። እመለስበታለሁ።

ቁም ሣጥኑ ውስጥ ምን እንዳለ ሳላየው መገመት እችላለሁ። ወርቅ አትጠብቂ። ጎንደር የተቀመጠችው የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ፈስሶ በረጋ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ አገር ላይ ነው። የፋሲል ግንብ የቆመበት ጥቁር ድንጋይ፣ የወገራ ደጋ፣ ከደባርቅ በታች ያለው ገደል፣ ሁሉም የአንድ ቤተሰብ ናቸው። የአገራችን ወርቅ በብዛት ያለው ከዚህ እጅግ በሚያረጁ ዐለቶች ውስጥ ነው፤ አዶላ፣ ወለጋ፣ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ፣ ትግራይ። በእኛ በኩል ባዛልቱ፣ ያ ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ እንደ ጋቢ ተደራርቦ ከላይ ለብሷል።

የእኛ ሌላ ነው። ጭልጋ የድንጋይ ከሰልና ሸክላ አለ። የግንባታ ድንጋይ ሞልቷል። ከሁሉም የሚበልጠው ግን በባዛልቱ ስንጥቅና በንብርብሮቹ መካከል የሚሄደው የከርሰ ምድር ውኃ ነው። አንገረብ ግድብ ደለል እየገባበት፣ ሰፈር በሰፈር ጀሪካን ተሰልፎ ለሚያውቅ ለጎንደር ሰው ይኼ ከወርቅ አያንስም።

«ታዲያ ይኼ ሁሉ በአገሪቱ ካርታ ላይ የለም እንዴ?» ትይኝ ይሆናል። የኢትዮጵያ አጠቃላይ የጂኦሎጂ ካርታ በ1973 መጀመሪያ፣ በ1996 ደግሞ ተሻሽሎ ወጥቷል (ሁለቱም በፈረንጅ አቆጣጠር)። መጠኑ አንድ ለሁለት ሚሊዮን ነው። አንድ ሴንቲ ሜትር ሃያ ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ከፒያሳ እስከ አዘዞ ያለው መንገድ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ለትምህርት ቤት ግድግዳ ቆንጆ ነው፤ ጉድጓድ አያስቆፍርም። ጉድጓድ የሚያስቆፍረው ዝርዝር ያለው እንዳንቺ ቢሮ ባለ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። የሰዎቹም ዓይን ያረፈበት ለዚህ ነው።

«ጭልጋ ከሰል አለ» የሚለው ወሬ ነው፤ እውነተኛ ወሬ ቢሆንም። መረጃ የሚሆነው ንብርብሩ ስንት ሜትር እንደሚወፍር፣ በላዩ ስንት ሜትር አፈርና ድንጋይ እንዳለ፣ ሲቃጠል ስንት በመቶ አመድ እንደሚተው፣ እርጥበቱ፣ ድኙና የሙቀት ኃይሉ ስንት እንደሆነ ሲጻፍ ነው። እነዚህ ቁጥሮች በእጁ የሌሉት የወጣቶች ማኅበር ተበድሮ ይቆፍራል። ገዢው መጥቶ ናሙናውን ያስመረምርና ሳይመለስ ይቀራል። ጉድጓዱ ክፍቱን ይከርማል፣ ክረምት ውኃ ይሞላዋል፣ ጥጃ ይገባበታል። በየስብሰባው «ዘላቂ ልማት» ሲባል ትሰሚያለሽ። ለእኔ መጀመሪያ ትርጉሙ የማይሸጥ ነገር አለመቆፈር ነው። የወጣቱ ነገር ከጠየቅሽኝ ጥቅሙ እዚህ ይጀምራል፤ ሌላ ሰው ቀድሞ ከፍሎበት ያወቀውን ዳግም በብድር እንዳይማረው።

አንድ የራሴን ላውራሽ። ወጣት ሳለሁ አንድ ወንዝ ይዘን የደለል ናሙና ስንሰበስብ ሦስት ሳምንት ከረምን። በበቅሎ ነው፤ መኪና አይገባም። ተመልሰን ሪፖርት ልንጽፍ ስንቀመጥ አንድ አዛውንት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ «ይህን ወንዝ እኮ ከዓመታት በፊት ሠርተውታል» አሉን። እውነታቸውን ነው። ሪፖርቱ የሌላ መሥሪያ ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ ነበር። ቁልፉ ደግሞ ዓመት ፈቃድ የወጣ ሰው ኪስ ውስጥ። አበሉና ነዳጁ ይቅር። የሚቆጨኝ፣ የቀደመውን ብናይ ኖሮ እነሱ ያቆሙበት ላይ ጀምረን ሽቅብ እንሄድ ነበር። እኛ እነሱ የረገጡትን ረግጠን ተመለስን።

ስለዚህ ከስካን በፊት ዝርዝር ሥሪ። የሪፖርቱ ርዕስ፣ ማን ሠራው፣ መቼ፣ የት፣ ካርታ አለው ወይ፣ ወረቀቱ በምን ሁኔታ ላይ ነው። ይህ ዝርዝር ለማንም ቢሰጥ የሚያስፈራ ነገር የለውም። ሦስት ወር ሙሉ «ይሰጥ፣ አይሰጥ» ስትባባሉ የምትቆዩበትን ጊዜ በዚህ አሳልፉት። ምን እንዳላቸው ሳያውቁ ምን እንደሚሰጡ የሚከራከሩ ሰዎች ብዙ አይቻለሁ።

አሁን ሰው የሚሰለቸው፣ እኔ ግን የምወደው ቦታ ደረስን።

ካርታ ስካን ማድረግ ቀላል ነው። ከባዱ ያ ካርታ ከዛሬ ስልክ ጋር እንዲግባባ ማድረጉ ነው። የቆዩ የኢትዮጵያ ካርታዎች የተሠሩት «አዲንዳን» በሚባል የልኬት መነሻ ነው። የስልክሽ ጂፒኤስ ደግሞ «ደብሊው ጂ ኤስ 84» የሚባለውን ይጠቀማል። ከካርታው ላይ ቁጥሩን እንዳለ አንሥተሽ ሳትቀይሪ ጂፒኤስ ውስጥ ብታስገቢው፣ ቦታው ከ200 ሜትር በላይ ይሸሻል። እንደ እኛ ባለ ገደላማ አገር 200 ሜትር ቀላል አይደለም። ሸለቆ ውስጥ የነበረ የውኃ ነጥብ ማዶ ተረተሩ ላይ ይወጣል። ቆፋሪው ሄዶ ደረቅ ድንጋይ ይበሳል። ከዚያ «ጂኦሎጂስቶች ቀጣፊዎች ናቸው» ይባላል። ካርታው ጥግ ላይ ያለችውን ደቃቅ ጽሑፍ ሳታነቢ አንድም ቁጥር እንዳትገለብጪ። ጥጉ ተቀዶ ከሆነ «አልታወቀም» ብለሽ ጻፊ። ገምተሽ አትሙዪ።

ሁለተኛው ወጥመድ የራሳችን ነው፤ ዓመተ ምሕረት። አንድ ሪፖርት «የምንጩ ውኃ በ1976 ተለካ» ይላል እንበል። በየትኛው 1976? በእኛ ከሆነ የ77ቱ ድርቅ ደጃፍ ላይ የተለካ ነው። በፈረንጅ ከሆነ ከዚያ ሰባት ስምንት ዓመት ይቀድማል። ለባዛልት ስምንት ዓመት ምንም አይደለም። ለምንጭ ግን በደህና ጊዜ እና በክፉ ቀን መካከል ያለ ልዩነት ነው። ኮንጎና ኬንያ ይህ ችግር የለባቸውም። ፋይሉን የሚወስዱት ሰዎችም ላያስቡት ይችላሉ። እናንተ ካልጻፋችሁት ማንም አይጽፈውም። ሁለቱንም ጻፊ፤ «ዓ.ም.» እና «እ.ኤ.አ.»።

የቦታ ስምም እንደዚሁ ነው። ጭልጋ በላቲን ፊደል በሦስት አራት ዓይነት ሲጻፍ አይቻለሁ። ያኔ «ሰሜን ጎንደር» የተባለው ሁሉ ዛሬ ማዕከላዊ፣ ምዕራብና ሰሜን ጎንደር ተብሎ ተከፍሏል። ቀበሌዎቹማ ስንቴ ተቀያየሩ! የድሮውን ስም እንዳለ ተዪው፣ አጠገቡ የዛሬውን በግዕዝ ፊደል አስቀምጪ።

ላቦራቶሪ ውጤት ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ባዶ ሳጥን ሦስት ነገር ሊሆን ይችላል፤ «የለም»፣ «መሣሪያው ሊያየው አልቻለም»፣ «ጭራሽ አልተለካም»። አንድ ሰው ሦስቱንም ዜሮ ብሎ ኮምፒዩተር ውስጥ ካስገባቸው ያ መረጃ ሞተ ማለት ነው። ናሙናው በማን፣ ከስንት ጥልቀት፣ በምን ዘዴ እንደተወሰደም አብሮ ይሂድ። በ1997 እ.ኤ.አ. ኢንዶኔዥያ ውስጥ ቡሳንግ በሚባል ቦታ የሆነውን ሰምተሽ ይሆናል። ብሬ-ኤክስ የሚባል የካናዳ ኩባንያ የዓለም ትልቁን ወርቅ አገኘሁ አለ። ናሙናው ላይ ከውጭ የመጣ ወርቅ ተነስንሶበት ነበር። ቁጥሩን ያየ ብዙ ነው፤ ድንጋዩን ዳግም ያስመረመረ ግን እስከ መጨረሻው ድረስ አልነበረም። የቁፋሮ ናሙና ሣጥን ካላችሁ፣ ወረቀቱ ስካን ስለተደረገ ድንጋዩ ይጣል የሚል ሰው ሲመጣ በሩ ላይ ተኚበት።

ወደ ገበሬው ልምጣ። የጂኦሎጂ መረጃ የሚጠቅመው ማዕድን ለሚያወጣ ብቻ አይደለም፤ ማዕድን የሚወጣበት አገር ለሚኖርም ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. ናይጄሪያ፣ ዛምፋራ ውስጥ ሰዎች የወርቅ ድንጋይ እያመጡ በየግቢያቸው ይፈጩ ነበር። ድንጋዩ ወርቅ ብቻ አልነበረውም። እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረትም ሞልቶበት ነበር። አቧራው ምግብና ልብስ ላይ አረፈ። ከ400 በላይ ሕፃናት አለቁ። የዚያን ድንጋይ የእርሳስ መጠን የምትናገር አንዲት ወረቀት፣ በሰፈሩ ቋንቋ ተጽፋ፣ ከወፍጮው በፊት ብትደርስ ብዬ ሁሌም አስባለሁ። እኛ አገርም በባህላዊ መንገድ የሚያመርቱ ስንት ወጣቶች አሉ! የሚፈልጉት ማዕድን የት እንዳለ እንነግራቸዋለን። አብሮት ምን እንዳለ የሚነግራቸው ግን ጥቂት ነው።

ጭልጋንም ውሰጂ። ድኝ ያለበት ከሰል ሲገለጥና ዝናብ ሲያገኘው የሚወርደውን ውኃ ያኮመጥጠዋል። አንድ ቀን ቁፋሮ ቢስፋፋና ገበሬው «ምንጬ ተበላሸ» ቢል፣ ኩባንያው «ድሮም እንዲህ ነበር» ይላል። የሚዳኛቸው ከቁፋሮው በፊት የተለካ ቁጥር ነው። ያ ቁጥር ምናልባት አሁን አንቺ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ማንም ያላነበበው አባሪ ላይ ነው። የድንጋይ ካባውም ነገር እንደዚያው፤ ጥሩ ድንጋይ የት እንዳለ የሚያሳይ ካርታ ከተማው ቢኖረው ኖሮ ለኮብልስቶን ተብሎ ሰው መኖሪያ ጥግ ድረስ አይቆፈርም ነበር።

ስለ አህጉሩ ጉዳይ ብዙ አልልም፤ ስብሰባው በዝቶ ሰሚው የደከመበት ርዕስ ነው። የአፍሪካ መሪዎች የማዕድን ራዕይ የተባለውን ሰነድ በ2009 እ.ኤ.አ. አጽድቀዋል። ኮናክሪ ላይ የማዕድን ልማት ማዕከል አለ። ዳሬሰላም ላይ በ1977 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ፣ እኛም አባል የሆንበት የጂኦሳይንስ ማዕከል አለ። ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «ፓንአፍጂኦ» በሚባል ፕሮግራም የየአገሩ ጂኦሎጂስቶች ሠልጥነዋል። እንዲህ ያለ ሥልጠና ሲወጣ አመልክቺ። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ ዐለት መተማ ላይ ፓስፖርት አይጠየቅም። ከሱዳን ወገን ያለው ካርታና የእኛው ድንበር ላይ ሳይገጥሙ ከቀሩ ሁለታችንም ግማሽ ሥዕል ነው የያዝነው።

የዩጋንዳን ነገር ግን ልብ በይ። ከ2000ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የአገሪቱን አብዛኛውን ክፍል በአውሮፕላን ለኩና መረጃውን ከፈቱት። ካራሞጃ የሚባለው የሰሜን ምሥራቁ ክፍል በጸጥታ ምክንያት ቀረ። ለዓመታት ካርታው ላይ ያ ቦታ ነጭ ሆኖ ኖረ። ነጭ ቦታ ደግሞ ለማያውቅ ሰው ባዶ ይመስላል፤ ለሚያውቅ ሰው ደግሞ ተቆጣጣሪ የሌለበት። እኛም ሰሞኑን የምናውቀው ነገር ነውና ብዙ አላብራራም።

የማይሰጠውስ? አለ። ፈቃድ ያለው ድርጅት በሥራ ላይ እያለ ያስገባው ሪፖርት በምስጢር ይያዛል፤ እሱን አትንኪ። የገበሬዎች ስምና ስልክ ያለበት ገጽ ይሸፈን። ጭልጋ ላይ 27 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆናቸው የጥንት የዝሆን ዘመዶች ቅሪት ተገኝቶ በ2003 እ.ኤ.አ. ለዓለም ተነግሯል። እንዲህ ያለ ቅሪት የሚወጣበትን ነጥብ በሜትር ልክ ለሕዝብ መክፈት ለቃራሚ አድራሻ መስጠት ነው። ለአጥኚ በጥያቄ ይሰጥ፤ ለሌላው «ጭልጋ አካባቢ» ይበቃል። ገዳማት ውስጥ ያሉ ዋሻዎችና ጠበሎችም እንደዚሁ።

ስምምነቱ ላይ ደግሞ አትፈሪ። አንቺም አለቃሽም ብቻችሁን የምትፈርሙት አይደለም፤ በክልሉ ቢሮና በፌዴራሉ የጂኦሎጂ ተቋም በኩል ይሂድ። ሰዎቹ ቅን ከሆኑ ይኼ አያስከፋቸውም። ዋናው ወረቀት ከግቢ አይውጣ። ስካኑ እዚያው ጎንደር ይሠራ፣ በእናንተ ልጆች እጅ። ሲጨርሱ ማሽኑ ይቅር። አንድ ቅጂ ለእናንተ፣ አንድ ለዩኒቨርሲቲው፣ አንድ ለአዲስ አበባ፤ የእነሱ አራተኛው ነው። ቋቱ ላይ ሲወጣ ያለ ክፍያ ይከፈት፣ የሰብሳቢዎቹ ስምም ይጠቀስ። እነዚያ በቅሎ ላይ የከረሙት ሰዎች ስማቸው ይገባቸዋል። በመጨረሻም ለእያንዳንዱ ሪፖርት አንድ ገጽ የአማርኛ ማጠቃለያ ይጻፍ። ብዙዎቹ ሪፖርቶች በእንግሊዝኛ ናቸው፤ የወረዳው ሰው አያነባቸውም። ይህን የመጨረሻውን «በጀት የለም» ብለው ሊያልፉት ይሞክራሉ። አንቺ አትለፊው።

አይጥ የጠቀሰው ባልደረባሽም ግማሽ እውነት አለው። ቅደም ተከተሉን የሚወስነው የማዕድኑ ዋጋ ሳይሆን የወረቀቱ ዕድሜ ይሁን። መጀመሪያ የፋክስ ወረቀቶቹን፤ ጽሑፋቸው እየጠፋ ነው። ቀጥሎ በካርቦን የተባዙትን። ከዚያ ታጥፈው መታጠፊያቸው ላይ የተቀደዱትን ካርታዎች፤ ለእነሱ ትልቅ ስካነር እስኪመጣ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተሽ በጥሩ ብርሃን ፎቶ አንሺያቸው። ኪዩጂአይኤስ የሚባለው የካርታ ሶፍትዌር በነፃ ነው፤ አሁኑኑ ጫኚው። ቁም ሣጥኑን ስትከፍቺ ደግሞ ጭምብል አድርጊ። የድሮ ካርታ አቧራ እኔን ሁለት ጊዜ አልጋ ላይ ጥሎኛል።